በጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ላይ እንዴት እንገምት፣ እንዴትስ እንከራከር?

የዓለም ዋንጫ ወይም የአፍሪካ ዋንጫ የምድብ ጨዋታዎች ተጠናቀው ጥሎ ማለፉ ሲጀመር፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ ዲኤስቲቪ በሚያሳዩ ቤቶች የሚሰማው ክርክር መልኩን ይለውጣል። በምድብ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ከቀናት በኋላ ሊክስ ስለሚችል፣ ግምቱ ያልሰመረለት ሰው «ቆይ፣ ገና ነው» ብሎ ማምለጥ አይቸግረውም። በጥሎ ማለፍ ግን ነገሩ በአንድ ሌሊት ይለያል፤ የተከራካሪውም ድምፅ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ያም ሆኖ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰዎች ስላልተስማሙ አይደለም፤ እያንዳንዱ ምን እንደገመተ አስቀድሞ ስላልተለየ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሰፈር፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በኳስ ማሳያ ቤት ተሰባስበው የጥሎ ማለፍ ውጤት ለሚገምቱ ደጋፊዎች ሲሆን፣ በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚገመተው ምን እንደሆነ መለየት

ሞሮኮና ስፔን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 2022 በኳታር ያደረጉትን ጨዋታ እናስታውስ። መደበኛው 90 ደቂቃም ሆነ ተጨማሪው 30 ደቂቃ ያለ ግብ አለቀ፤ ከዚያም ሞሮኮ በመለያ ምት 3 ለ 0 አሸንፎ ወደ ሩብ ፍፃሜ ገባ። ከጨዋታው በፊት አንዱ «ሞሮኮ ያልፋል»፣ ሌላው «አቻ ይወጣሉ»፣ ሦስተኛው «ስፔን አይሸነፍም» ብለው ነበር እንበል። በመለያ ምት የሚገቡ ኳሶች በጨዋታው ውጤት ላይ ስለማይደመሩና እንዲህ ያለው ጨዋታ በመዝገብ የሚቀመጠው በአቻነት ስለሆነ፣ ሦስቱም ትክክል ነበርን ብለው ሊሟገቱ ይችላሉ፤ ሦስቱም የሚያቀርቡት ማስረጃ አይጠፋም። ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ጠቡን ማስቀረት የሚቻለው ደግሞ ከጨዋታው በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ጥያቄዎች ተነጣጥለው መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያው ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፈው ማን ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በ90 ደቂቃና በባከነው ሰዓት መጨረሻ ላይ ውጤቱ ስንት ለስንት ይሆናል የሚለው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ጨዋታው የሚለየው በመደበኛው ሰዓት፣ በጭማሪው ወይስ በመለያ ምት ነው የሚለው ነው። አንድ ሰው «1 ለ 1፣ ግን ክሮኤሺያ ያልፋል» ቢል የሚጋጭ ነገር አልተናገረም፤ እንዲያውም ከሁሉም የተሟላው ግምት ይህ ነው።

ብዙ ሰው በጥሎ ማለፍ አቻ ብሎ መገመትን እንደ ፍርሃት ይቆጥረዋል። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ለደረጃ የተደረገውን ጨዋታ ጨምሮ ከነበሩት 16 የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች 8ቱ ከ90 ደቂቃ አልፈዋል፤ በ2018 እና በ2022 ደግሞ ከ16ቱ አምስት አምስቱ አልፈዋል። በሦስቱ ውድድሮች ከተደረጉት 48 ጨዋታዎች 18ቱ በመደበኛው ሰዓት አልተለዩም ማለት ነው። የ2022ቱ አምስቱም በመለያ ምት ነው ያለቁት፤ ፍፃሜውም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ከእኛ ታሪክም ብንነሳ፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችበት የ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) ፍፃሜ በ90 ደቂቃ 2 ለ 2 ነበር፤ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ፣ የዛሬዋ ግብፅ፣ 4 ለ 2 የተሸነፈችው በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች ነው።

የጨዋታዎቹን መንገድ በወረቀት ላይ ማየት

ከጨዋታ ጨዋታ እየዘለሉ ከመገመት በፊት አጠቃላይ ሰንጠረዡን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ መሳል ያስፈልጋል፤ ጊዜው ያለፈበት የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ጀርባው ለዚህ በቂ ነው። ከሥዕሉ የሚፈለገው ዋና ነገር የትኛው ቡድን በየትኛው ወገን እንደተመደበና ከማን ጋር በስንተኛው ዙር ሊገናኝ እንደሚችል ማወቅ ነው። ዋንጫ የሚነሳው ሁሉንም ቡድን በማሸነፍ ሳይሆን መንገድ ላይ የሚገጥሙትን አራት ወይም አምስት ቡድኖች በማለፍ ስለሆነ፣ «ማን ይበልጣል» የሚለው ጥያቄ «ማን ማንን ያገኛል» ከሚለው በኋላ መምጣት አለበት።

በአውሮፓ ዋንጫ 2016 ፖርቱጋል ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዋን አቻ ወጥታ በሦስተኛነት አለፈች። የመጨረሻዋ ጨዋታ ከሃንጋሪ ጋር 3 ለ 3 ላይ ሳለ፣ በሌላው ሜዳ አይስላንድ በ94ኛው ደቂቃ ኦስትሪያ ላይ ግብ አስቆጠረችና ፖርቱጋልን ከሁለተኛነት ወደ ሦስተኛነት አወረደቻት። በዚያች ግብ ምክንያት ፖርቱጋል እንግሊዝን ከመግጠም ዳነች፤ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ስፔን፣ ጣሊያንና እንግሊዝ በአንድ ወገን ሲተላለቁ እርሷ በሌላኛው ወገን ክሮኤሺያን በጭማሪ ሰዓት፣ ፖላንድን በመለያ ምት፣ ዌልስን 2 ለ 0 አልፋ ፍፃሜ ደረሰች። ፈረንሳይንም ያሸነፈችው በጭማሪ ሰዓት ነው። ሻምፒዮኗ በውድድሩ በሙሉ በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈችው ዌልስን ብቻ ነበር። ሰንጠረዡን ያልሳለ ሰው ይህን ሁሉ ዕድል ብሎ ያልፈዋል፤ ዕድል መኖሩ አይካድም፣ ነገር ግን የምድቡ የመጨረሻ ምሽት ሲያልቅ መንገዱ የቀለለ መሆኑ ለሚያይ ሁሉ ግልጽ ነበር።

በሦስተኛነት የሚያልፉ ቡድኖች ባሉበት ውድድር መቸኮል ጥሩ አይደለም። 24 ቡድኖች በሚሳተፉበት የአፍሪካ ዋንጫ ከስድስቱ ሦስተኞች አራቱ ስለሚያልፉ የሚያልፉት በ15 መንገድ ሊጣመሩ ይችላሉ። ከ2026 ጀምሮ በ48 ቡድኖች እንዲካሄድ በተወሰነው የዓለም ዋንጫ ደግሞ ከ12ቱ ሦስተኞች ስምንቱ ስለሚያልፉ ጥምረቱ 495 ይደርሳል። ስለዚህ የመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ሳያልቅ ሰንጠረዥ ሞልቶ የሚመጣ ሰው ወረቀቱን ማበላሸቱ ነው፤ ምናልባት በእርሳስ ቢጽፍ ይሻለዋል።

ምኞትንና ግምትን በሁለት ዓምድ መጻፍ

በእኛ አካባቢ የብሔራዊ ቡድን ግምት ሁለት ነገሮች ያጣምሙታል። አንደኛው የክለብ ፍቅር ነው። አርሴናልን የሚደግፍ ሰው ሳካ ስላለ እንግሊዝን ወደ ፍፃሜ ያሳልፋል፤ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊው ደግሞ በዚሁ ምክንያት እንግሊዝን ከ16ቱ ያስቀራታል። ሁለቱም ስለ እንግሊዝ የሚያወሩ ይመስላቸዋል እንጂ ስለ ፕሪሚየር ሊግ ነው የሚያወሩት። በክለቡ ዓመቱን ሙሉ አብሮት ከሚሠለጥን አማካይ ኳስ የሚቀበል አጥቂ በብሔራዊ ቡድኑ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ከተዋወቃቸው ሰዎች ጋር ስለሚሰለፍ፣ የክለብ ብቃት እንደ ማስረጃ ሊቀርብ የሚችለው ተጫዋቹ በብሔራዊ ቡድኑም በዚያው ቦታና በዚያው ሚና ሲጫወት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአፍሪካ ወገናዊነት ነው፤ ይህ ደግሞ ማንም ሊያፍርበት የማይገባ ስሜት ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ዋንጫ ተሳትፋ ስለማታውቅ ካሜሩን በ1990፣ ሴኔጋል በ2002፣ ጋና በ2010 ሩብ ፍፃሜ ሲደርሱ፣ ሞሮኮም በ2022 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ግማሽ ፍፃሜ ሲገባ የተደሰትነው እንደ ራሳችን ነው። በ2010ሩ ሩብ ፍፃሜ የኡራጓዩን የሱዋሬዝን እጅና የጋናውን የጂያንን የሳተ ፍፁም ቅጣት ምት የሚያስታውስ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ልብ የሚመኘውና ዓይን የሚያየው አንድ ላይ ሲጻፉ ግምቱ ዋጋ ያጣል። መፍትሔው ምኞትን መከልከል አይደለም፤ በደብተሩ ላይ «ምኞት» እና «ግምት» የሚሉ ሁለት ዓምዶችን ማስመርና ነጥብ የሚሰጠው ለሁለተኛው ብቻ መሆኑን መስማማት ነው። ይህ ቀላል ነገር ሲደረግ፣ ምኞቱን የሚጽፍበት ቦታ ያገኘ ሰው በግምቱ ዓምድ ላይ ልብ ማለት ይጀምራል።

ማስረጃን ማመዛዘን

በክርክር ላይ ብዙ የሚነሳው ማስረጃ የምድብ ውጤት ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። በ2010 ስፔን የመጀመሪያ ጨዋታዋን በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ተሸንፋ፣ ከዚያ በጥሎ ማለፉ አራቱንም ተጋጣሚዎቿን 1 ለ 0 እያሸነፈች ዋንጫውን አነሳች። በ2022 አርጀንቲና ውድድሩን የጀመረችው በሳዑዲ ዐረቢያ 2 ለ 1 በመሸነፍ ነው። በ2024 መጀመሪያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አስተናጋጇ ኮትዲቯር በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተሸንፋ፣ አሠልጣኟን አሰናብታ፣ በሦስተኛነት ተንጠልጥላ ካለፈች በኋላ በኤመርስ ፋኤ እየተመራች ሴኔጋልን በመለያ ምት፣ ማሊን በጭማሪ ሰዓት፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎን 1 ለ 0 አልፋ፣ ናይጄሪያን በፍፃሜው 2 ለ 1 ረታች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የምድብ ጨዋታ አይረባም የሚል አይደለም፤ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ውጤቱ የመጣበትን መንገድ ማየት ይገባል የሚል ነው። ቡድኑ የግብ ዕድል ይፈጥር ነበር ወይስ አይፈጥርም? የገባበት ግብ በቆመ ኳስ ነው ወይስ መሀሉ ተከፍቶ? ቀይ ካርድ ነበረበት? የመጨረሻውን ጨዋታ ማለፉን አረጋግጦ በተቀያሪዎች ተጫውቶ ይሆን?

ከምድብ ውጤት የሚበልጠው ማስረጃ የሚሰለፈው ማን ነው የሚለው ነው። በ2014 ብራዚል ግማሽ ፍፃሜውን በጀርመን 7 ለ 1 ስትሸነፍ ኔይማር በጉዳት፣ አምበሉ ቲያጎ ሲልቫ ደግሞ በቢጫ ካርድ ቅጣት ሜዳ ላይ አልነበሩም። በ2002 የጀርመኑ ሚካኤል ባላክ በግማሽ ፍፃሜው ደቡብ ኮሪያን የጣለችዋን ግብ ቢያስቆጥርም፣ በዚያው ጨዋታ ባየው ቢጫ ምክንያት ፍፃሜው አምልጦታል። እንዲህ ያለው ነገር ከጨዋታው በፊት የሚታወቅ ስለሆነ «ማን ያውቃል» ተብሎ አይታለፍም። ቢጫ ካርድ ከየትኛው ዙር በኋላ እንደሚሰረዝ ከውድድር ውድድር ሊለያይ ስለሚችል የያዝነውን ውድድር ደንብ አስቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል፤ በእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቢጫ ይዘው የሚጫወቱትን ተጫዋቾች ስም በሰንጠረዡ ጠርዝ ላይ መጻፍም ሌሎች የማያዩትን ለማየት ያግዛል።

ድካም እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ጥንቃቄ ይሻል። ክሮኤሺያ በ2018 ከፍፃሜው በፊት ሦስት ጨዋታዎችን በተከታታይ 120 ደቂቃ ተጫውታ በፈረንሳይ 4 ለ 2 ስትሸነፍ ብዙ ሰው «ደክመው ነው» አለ። ነገር ግን ከሦስቱ የመጨረሻው እንግሊዝን በጭማሪ ሰዓት ያሸነፉበት ነበር፤ በዚያ ምሽት ከተጋጣሚያቸው ይልቅ መድከም ይገባው የነበረው የእነርሱ እግር ነው። የቦታ ከፍታም እንዲሁ ነው። በሜክሲኮ ሲቲው የአዝቴካ ስታዲየም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ መጫወት ከቆላ ለሚመጣ ቡድን ይከብዳል ቢባል እውነት ነው፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ከፍ ብላ ስለምትገኝ ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ በእኛ ሜዳ ኳስ የተጫወተ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይመሰክራል። ሆኖም ከፍታው ማስረጃ የሚሆነው አንዱ ቡድን ለምዶት ሌላው ካልለመደው ነው፤ ሁለቱም እንግዶች ከሆኑ ለማንም አያዳላም።

ስለ መለያ ምት የሚነገረው ታሪክ ጆሮ ይስባል። እስከ 2022 ባሉት የዓለም ዋንጫዎች ጀርመንና ክሮኤሺያ የገጠሟቸውን አራት አራት የመለያ ምቶች በሙሉ አሸንፈዋል፤ አርጀንቲና ከሰባት ስድስቱን አሸንፋለች፣ ስፔን ግን ከአምስት አራቱን ተሸንፋለች። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም የሚመቱት ሰዎች በየዘመኑ ይለያያሉ፤ በ1986 የሳተ ስፔናዊ በ2022ቱ ላይ ምንም ዕዳ አልጣለም። ከታሪክ ይልቅ በረኛው ማን እንደሆነና ቋሚ መቺዎቹ እስከ 120ኛው ደቂቃ ሜዳ ላይ የመቆየታቸው ነገር ያመዝናል። በ2014 የኔዘርላንድስ አሠልጣኝ ቫን ኻል ከኮስታ ሪካ ጋር ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል በረኛ ቀይሮ ቲም ክሩልን አስገባ፤ ክሩልም ሁለት ምት አድኖ ቡድኑን አሳለፈ። በሚቀጥለው ጨዋታ ከአርጀንቲና ጋር ግን ቅያሬው አልቆ ስለነበር ይህን ሊደግም አልቻለም፤ ቡድኑም በመለያ ምት ወደቀ። በዚያን ጊዜ የሚፈቀደው ሦስት ቅያሬ ነበር። ዛሬ አምስት፣ በጭማሪ ሰዓት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ስለሚፈቀድ፣ ጥልቅ የተቀያሪ ወንበር ያለው ቡድን ከ90 ደቂቃ በኋላ የሚያገኘው ብልጫ ከቀድሞው የሰፋ ነው። ይህን የሚያነሳ ተከራካሪ በብዛት አይገኝም፤ ማንሳት ግን ይገባል።

እርግጠኝነትን በቁጥር መግለጽ

«ያለ ጥርጥር ያልፋል» እና «ሳያልፍ አይቀርም» የሚሉት ቃላት በሙቅ ክርክር ውስጥ ልዩነታቸው ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገማች ከቡድኑ ስም አጠገብ ከመቶ ስንት እርግጠኛ እንደሆነ ይጻፍ። ይህ የሚያመጣው ለውጥ በዓይን የሚታይ ነው፤ ጠረጴዛ ይመታ የነበረው ሰው ብዕሩን ሲይዝ ከ100 ወደ 75 ይወርዳል።

ቁጥሩ ስለ ሻምፒዮኑ የምንናገረውንም ያርማል። አንድ ቡድን በየዙሩ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 70 ነው ብንል፣ ከ16ቱ ጀምሮ አራቱንም ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 0.7 በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ከመቶ 24 ብቻ ይሆናል። ከ32ቱ የሚጀምር ከሆነና አምስት ጨዋታ ከፊቱ ካለ ወደ 17 ይወርዳል። ስለዚህ በየጨዋታው ግልጽ ብልጫ ያለው ቡድን እንኳ ዋንጫውን ከሚያነሳ ይልቅ የማያነሳበት ዕድል ይሰፋል። «ሁሉም የሚፈራው ቡድን ዋንጫውን አያገኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ የሚገኘው ልዩ ዕውቀት ስላለው ሳይሆን በዚህ ስሌት ምክንያት ነው፤ ይህን ያወቀ ተከራካሪ «ታዲያ በምትኩ ማን ያነሳዋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ነጥብ አሰጣጡም ከዚሁ ይነሳል። የተጻፈውን ቁጥር ከእውነቱ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን በራሱ ማባዛት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቡድን ያልፋል ብለው አንዱ 90፣ ሌላው 60 ጻፉ እንበል። ቡድኑ ካለፈ የመጀመሪያው ስሕተት 10 ሲሆን በራሱ ሲባዛ 100 ይሆናል፤ የሁለተኛው ስሕተት 40 ስለሆነ 1,600 ይመዘገብበታል። ቡድኑ ከወደቀ ግን የመጀመሪያው 8,100፣ ሁለተኛው 3,600 ይቆጠርባቸዋል። በውድድሩ መጨረሻ ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል። ሁልጊዜ 50 እየጻፈ የሚሸሽ ሰው በየጨዋታው 2,500 ስለሚያገኝ አቋም አለመያዝ አያዋጣውም፤ በትዕቢት 100 የሚጽፈውም በአንድ ስሕተት 10,000 ይሸከማል። ስሌቱ በስልክ ላይ ባለ የሒሳብ መሣሪያ ወዲያው የሚሠራ ነው።

ይህ የሚከብድባቸው ሰዎች በየዙሩ የሚጨምር ነጥብ ሊጠቀሙ ይችላሉ። በብዙ ቦታ የተለመደው 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ ማጠፍ ነው፤ እኔ ግን 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚለውን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው አሠራር ከ16ቱ የሚያልፉትን ስምንት ቡድኖች በሙሉ በትክክል የገመተ ሰው የሚያገኘው 8 ነጥብ፣ ሻምፒዮኑን ብቻ ያገኘ ሰው ለዚያ ከሚያገኘው ጋር እኩል ስለሚሆን፣ ሌላውን ሁሉ ስቶ በአንድ ዕድል መሪ መሆን ይቻላል።

ደብተሩ፣ ዳኛውና ተራው

ግምቱ ከቃል ወደ ወረቀት ካልወረደ ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ውጤቱን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው አይገኝም። አንድ ደብተር ይገዛ፤ ከገማቾቹ ውጪ በሆነ ሰው እጅ፣ ለምሳሌ በቤቱ ሒሳብ ተቀባይ ዘንድ ይቀመጥ። በደብተሩ የሚሰፍረው ግምት ይህን ይመስላል፤ ቡድኖቹ ለምሳሌ ያህል የተጠቀሱ ናቸው፦ «ሩብ ፍፃሜ፣ ሴኔጋል ከግብፅ። የሚያልፈው ሴኔጋል፤ ከመቶ 65። በ90 ደቂቃ 1 ለ 1። የሚለየው በጭማሪ ሰዓት። ምክንያት፦ የግብፅ ቀኝ ተመላላሽ በሁለት ቢጫ አይሰለፍም፤ ሴኔጋል ደግሞ አብዝቶ የሚያጠቃው በግራ በኩል ነው።» ምክንያቱ ከአንድ መስመር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ባዶ ግን መተው የለበትም፤ ነገ የሚያከራክረው ከቁጥሩ ይልቅ እርሱ ነውና።

ደብተሩ የሚዘጋው የጨዋታው ዳኛ የመጀመሪያውን ፊሽካ ሲነፋ ነው። እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠር ያደናግራል። በአሜሪካ አህጉር የሚደረጉ ጨዋታዎች ለእኛ ሌሊት ስለሚውሉ፣ በስልኩ ላይ «እሑድ 01:00» የሚለውን ያየ አንዱ እሑድ ቀን ይጠብቃል፤ ሌላው ቅዳሜ አምሽቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጋቢውን ደርቦ ይመጣል። ትክክሉ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ቀን ከመጻፍ ይልቅ የተጋጣሚዎቹን ስም ጽፎ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ማስፈር ይሻላል። በሐምሌ ዝናብ መብራት ቢጠፋና ጨዋታው መሐል ላይ ቢቋረጥብን ግምቱ አይሰረዝም፤ ውጤቱ በሬዲዮ ወይም በስልክ ተሰምቶ ይመዘገባል።

ለክርክሩ ዳኛ ያስፈልጋል። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ባላጋራዎች መንገደኛውን አስቁመው ዳኘን ይሉት እንደነበር ሁሉ፣ እዚህም የሚመረጠው በዚያ ጨዋታ ላይ ያልገመተ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀናል። የዳኛው ሥራ ተራ ማስጠበቅና የተጻፈውን ማንበብ ብቻ ነው፤ ስለ ኳሱ የራሱን ሐሳብ አይሰጥም። ደብተር ያልነበረበት ክርክር ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ብራዚል ክሮኤሺያን ያልፋል ብለው ነበር።»

«እኔ አይሸነፍም ነው ያልኩህ፤ መቼ ተሸነፈ? አንድ ለአንድ አይደለም እንዴ የወጣው?»

«ታዲያ ወደ አገሩ ለምን ተመለሰ?»

«እሱን መለያ ምት የሚሉትን ጠይቅ እንጂ፣ ልጄ!»

ሁለቱም አልዋሹም። ደብተር ቢኖር ኖሮ ዳኛው «የሚያልፈው» ከሚለው አጠገብ የሰፈረውን አንብቦ ሁለቱንም ወደ ሻያቸው ይመልሳቸው ነበር። ለማንኛውም ታናሹ ታላቁን በአንቱታ እየጠራ መሟገቱ፣ ታላቁም «አንተ ኳስ የት ታውቃለህ» ከሚል ቃል መቆጠቡ ክርክሩ እስከ ፍፃሜው እንዲዘልቅ ያደርገዋል። ዕድሜ በደብተሩ ላይ ነጥብ አያስጨምርም፤ ጎረቤትነት ግን ከውድድሩ በኋላም ይቀጥላል። የሌላውን ማስረጃ ከመቃወም በፊት በራስ አንደበት ደግሞ መናገርና «ያልከው ይህን ነው?» ብሎ ማረጋገጥም ግማሹን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

መያዣው ቡና፣ ሻይ ወይም ማኪያቶ ይሁን። በውርርድ ቤቶች ገንዘብ የሚያስይዝ ሰው ስለ ጨዋታው መከራከሩን ትቶ ገንዘቡን ማስመለስ ስለሚጀምር፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከደብተሩ ጋር ባይቀላቅሉት ይመረጣል። ክትፎ ለመጋበዝ የሚፎካከሩ ደግሞ የሰኔው የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን መሆኑን አስበው ቀን ይቁረጡ። ዳኛው ውጤቱን ጽፎ እስኪፈርም ድረስ አረቄ ባይቀርብለትም መልካም ነው።

ከጨዋታው በኋላ

በማግሥቱ ደብተሩ ሲከፈት መታየት ያለበት ማን አገኘ ማን ሳተ የሚለው ብቻ አይደለም። ሴኔጋል ያልፋል ያለው ሰው ቡድኑ ቢያልፍለትም፣ ግቡ የገባው በቀኝ በኩል በተሻማ የማዕዘን ምት ከሆነና የግብፅ ተተኪ ተመላላሽ አንድም ጊዜ ካልታለፈ፣ የጻፈው ምክንያት አልሠራም፤ ነጥቡ ግን የእርሱ ነው። በተቃራኒው ምክንያቱ በትክክል ታይቶ ቡድኑ በመለያ ምት የወደቀበት ሰው ነጥብ ቢያጣም፣ በሚቀጥለው ዙር የሚናገረው ሊደመጥ ይገባል። ከምክንያቱ አጠገብ «ሠርቷል» ወይም «አልሠራም» ብሎ ምልክት ማድረግ፣ ውድድሩ ሲያልቅ ከየትኛው ዓይነት ማስረጃ እንደተጠቀምን ያሳያል፤ ለእያንዳንዱም ሰው የትኛው ነገር ዘወትር እንደሚያስተው ግልጽ ይሆንለታል። አንዱ ምንጊዜም አጥቂ ብቻ ያያል፤ ሌላው ትልቅ ስም ያለውን አገር መጣል አይደፍርም።

ለደረጃ የሚደረገው ጨዋታ ይቆጠር አይቆጠር የሚለው ከመጀመሪያው ቀን ይወሰን። በዚያ ጨዋታ አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ዕድል ያላገኙ ተጫዋቾችን ስለሚያሰልፉ ግማሽ ነጥብ ቢሰጠው ይበቃዋል። ሁለት ሰዎች እኩል ድምር ይዘው ከጨረሱ፣ ፍፃሜው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ የመጀመሪያዋ ግብ የምትገባበትን ደቂቃ በደብተሩ ጽፎ ከሆነ የቀረበው ይለያቸዋል፤ ግብ ካልገባ ደግሞ ማኪያቶውን ተካፍለው ይክፈሉ።